ቆጣሪው ያልቆጠረው ምሳ

ስኮርዳል፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1961

ሲኖቬ፣

ሌባ ብለውኛል። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ በመብራት ማኅበሩ አዳራሽ፣ ሰው ሞልቶ ሳለ፣ ሊቀመንበሩ ሹር መድረኩ ላይ ቆሞ ስሜን ጠራና «ሃልቫርድ ኮረንቲ ይሰርቃል» ብሎ አነበበ። ሰኞ ጠዋት መጥተው መስመሬን ቆረጡ። ከአባልነትም ሰረዙኝ። ይህን የምጽፍልሽ በላምባ ፋኖስ ነው።

አንቺና ልጆችሽ ደህና በመሆናችሁ ደስ ብሎኛል። እኔም ደህና ነኝ። ጉልበቴን አትጠይቂኝ።

መስመሬ መቆረጡን በርገን ተቀምጠሽ ከማን እንደሰማሽ አላውቅም። «ምን አድርገህ ነው?» ማለትሽ ግን ቅር አሰኝቶኛል። እህቴ ነሽና «ምን አደረጉህ?» ማለት ነበረብሽ። ቢሆንም እነግርሻለሁ።

ቆጣሪ የሚያነበው ቶርጊልስ ቤቴ በመጣ ቁጥር ቆጣሪዬን ካለፈው ብዙም ፈቀቅ ሳይል ያገኘዋል። አምፖል እንደ ማንም ሰው አበራለሁ። ዛሬ በየቤቱ ኮረንቲ የሚበላው ግን አምፖል ሳይሆን ማድ ቤት ነው። እሑድ እሑድ ደግሞ በደጄ ያለፈ ሁሉ የበግ ሥጋና የጥቅል ጎመን ይሸተዋል። ጭስ ማውጫዬ አይጨስም፣ ቆጣሪዬ አይዞርም፣ ሥጋው ግን ይሸታል። ስለዚህ ከቆጣሪው በፊት ሽቦ ቀጥሏል አሉ። ግድግዳዬን ከውጭ ዳበሱት፤ ምንም አላገኙም። ያን ጊዜ ሹር ምን አለ መሰለሽ? «በዚህ ሸለቆ ስለ ኮረንቲ መጽሐፍ የሚያነብ እሱ ብቻ ነው፤ መደበቁንም ያውቅበታል» አለ። አስተማሪ ሳይኖረኝ፣ ከከብቶቹ ሥራ በተረፈኝ ሰዓት ያነበብኩት መጽሐፍ ማስረጃ ሆነብኝ።

ውሃውን ወደ ተርባይኑ የሚያወርደውን ቦይ ከቆፈሩት ሰዎች በሕይወት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሹር ያኔ አልተወለደም። ቦዩን ስንቆፍር ለአንድ አምፖል ብለን ነበር፤ በቤት አንድ አምፖል። በኮረንቲ ምግብ ይበስላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ቀጥሎ አንድ ዓይን ያላት ምድጃ መጣች፤ ከዚያ ሦስት ዓይን ያለው፣ ከነመጋገሪያው። አሁን ደግሞ ማቀዝቀዣ ያልገባበት ቤት ያፍራል። ወንዙ ግን ያው ወንዝ ነው። ኮረንቲ አነሰ ብለው ሌባ ፍለጋ ወጡ፤ ያገኙትም ከሁሉ አሳንሶ የሚጠቀመውን ሰው ነው።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። መስመሩን አይደለም። ሹር ያን ቃል ባነበበበት መድረክ ላይ ቆሞ፣ ያው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሃልቫርድ አልሰረቀም ይበል። ከዚያ ያነሰ አልቀበልም።

ወንድምሽ ሃልቫርድ


በርገን፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1961

ውድ ወንድሜ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ። ልክ ነህ፣ ክፉ ጥያቄ ነው የጠየቅኩህ። ወሬውን ከስኮርዳል በመጣች አንዲት ገበያተኛ አፍ ነው የሰማሁት፤ እሷም ግማሹን ውጣ ነው የነገረችኝ። ደንግጬ ጻፍኩ።

ሁለተኛ ግን፣ አንተ ሰውዬ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ሳለ ግድግዳውን ገፍተህ ለመውጣት መታገል መቼ ነው የምትተወው? ገና ሕፃን ሳለሁ እናታችን «ሃልቫርድን ና ካልሽው ይሄዳል፣ ሂድ ካልሽው ይቆማል» ትል ነበር። ሰዎቹን ማድ ቤትህ አስገባቸውና አሳያቸው። መናገር ካስጠላህ እኔ ልጻፍልህ፣ አንተ አንብብላቸው፦ «ይህ ድርቆሽ የተሞላ የእንጨት ሳጥን ነው። እሑድ ማለዳ ሰው ሳይነሳ ድስቴን በጥቂት እንጨት ለአፍታ አፈላና ከድርቆሹ መሃል ቀብሬ በትራስ እከድነዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን ቆይቼ ስመለስ በራሱ ሙቀት በስሎ ይጠብቀኛል። ሳጥኑን ባለቤቴ ማግንሂልድ ናት በጦርነቱ ጊዜ የሠራችው፤ ያን ጊዜ እናንተም እንዲሁ ነበር የምትበሉት።» አለቀ። ይህን ለማለት ምን ይከብዳል?

ደግሞስ ከጦርነቱ በኋላ በዚያ ሳጥን ማብሰል ያልተወ አንተ ብቻ መሆንህን ታውቃለህ? እኔ የራሴን ማገዶ አድርጌዋለሁ። የድህነት ጊዜን የሚያስታውስ ነገር ሁሉ ከዓይናችን እንዲጠፋልን ነበር የምንፈልገው። እነዚህ የማኅበሩ ኮሚቴ ልጆች ረሱት ብለህ አትገረም። ዛሬ ጭስ ከሌለና ቆጣሪ ካልዞረ ምግብ አይበስልም ብለው ነው የሚያስቡት።

ምድጃዬን ብታያት ትስቅብኛለህ። አራት ዓይን ነው ያላት፤ ሰዓትም አላት፣ ሲበስል ትጮኻለች። ስትጮኽ አንተን አስታወሰችኝ።

በሩን ክፈት፣ ወንድምዓለም። ክረምቱን በጨለማ አትግፋው።

እህትህ ሲኖቬ


ስኮርዳል፣ ኖቬምበር 27 ቀን 1961

ሲኖቬ፣

የላክሽው የሱፍ ካልሲ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ጠባብ ነው።

አላሳያቸውም። ምክንያቱን አንድ ጊዜ እጽፍልሻለሁ፤ ከዚያ አትጠይቂኝ። ሰው ሳይሰርቅ ሌባ ከተባለ፣ አለመስረቁን ማስረዳት የሱ ሥራ አይደለም። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ የሳጥኑን ትራስ ማግንሂልድ የሰፋችው ከሠርጓ ቀሚስ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ ሌላ ጨርቅ አልነበረንም። ሕመሙ ጸንቶባት አልጋ ላይ ሳለች ምግብ ማብሰል ያስተማረችኝ በዚያ ሳጥን ነው። አልጋዋ ላይ ሆና «አሁን ክደነው»፣ «አሁን አትንካው» እያለች። ሌላ የማብሰያ መንገድ አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። ሹርና ኮሚቴው ያን ትራስ ሽቦ አለበት ብለው እንዲዳብሱት በሬን አልከፍትም።

ሹር ትላንት መጥቶ ነበር። ደጃፍ ላይ ቆሞ በረዶውን ከጫማው አራገፈ፤ ግባ አላልኩትም።

«ጋሼ ሃልቫርድ፣ ነገሩን በሰላም እንጨርሰው» አለኝ።

«እኔ ጦርነት አልጀመርኩም» አልኩት።

«ቆጣሪው ተበላሽቶ ነበር ብለን እንጽፋለን። እርስዎ ከታች ይፈርማሉ። ነገ ቶርጊልስ መጥቶ መስመሩን ይቀጥልልዎታል። ማንም ምንም አይሰማም።»

«ቆጣሪው አልተበላሸም።»

«አውቃለሁ፤ እንዲሁ ለወጉ ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ውሸት ላይ ፈርም እያልከኝ ነው። ሌባ አልሆን ስልህ ውሸታም ልታደርገኝ ነው?»

ፊቱ ቀላ። «ምን ይሻልዎታል ታዲያ?» አለ።

«ሌባ ያልከኝ ሹክ ብለህ አይደለም። በመድረክ ላይ ነው። እዚያው ቆመህ አንሳው።»

«ጠቅላላ ጉባኤው እስከ ክረምቱ መጨረሻ አይሰበሰብም። እስከዚያ በፋኖስ ሊቀመጡ ነው?»

«በፋኖስ ነው የተወለድኩት» ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ከመስኮት ሳየው መንገዱ ላይ ቆሞ አፍንጫውን ወደ ላይ አንስቶ ያሸት ነበር። እሑድ ነበር። ሥጋው በስሎ ነበር።

ስለ ምድጃሽ የጻፍሽው አላሳቀኝም።

ሃልቫርድ


በርገን፣ ዲሴምበር 18 ቀን 1961

ውድ ወንድሜ፣

ስለ ትራሱ አላውቅም ነበር። ከዚህ በኋላ ሳጥኑን አሳይ ብዬ አልጠይቅህም።

ለገና ልመጣልህ አስቤ ነበር፤ ትንሿ ልጄ ጉሮሮዋን ታማለች፣ ሐኪሙም አትንቀሳቀሱ አለን። ይቅር በለኝ። ገናን ብቻህን፣ በፋኖስ፣ ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶህ ታሳልፋለህ ብዬ ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ብቻህን ሆነህ ታለቅሳለህ? ቤተ ክርስቲያን ግን አትቅር። ቀርተህ «አፍሮ ነው» አታሰኛቸው።

ሌላ የምነግርህ ብዙ የለም። ሰሞኑን ከሹር ሚስት ከቦርግሂልድ ጋር በስልክ አወራሁ፤ የሹራብ አሠራር ልጠይቃት ነው የደወልኩት። ደህና ናት። የሴቶች ማኅበሩ ሰብሳቢ ሆናለች፤ ታውቅ ኖሯል?

መልካም ገና።

ሲኖቬ


ስኮርዳል፣ ጃንዋሪ 9 ቀን 1962

ሲኖቬ፣

አላለቀስኩም። እንዲህ ያለ ነገር ለምን እንደምትጠይቂ አይገባኝም።

ቤተ ክርስቲያን ሄጃለሁ። ሁልጊዜ በምቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠ አልነበረም። ለጉልበቴ ሰፊ ቦታ አገኘሁ። ቶርጊልስ ዓይኔን ላለማየት መዝሙር መጽሐፉን ገልብጦ ይዞ ቆየ።

የገና ዋዜማን ነገር እውነቱን ከነገርኩሽ ደስ ብሎኝ ነበር። እንደምታውቂው ሁሉም ቤት የበግ ጎድኑን የሚጥደው በአንድ ጊዜ ነው፤ ደወሉ ሲደወል ለመብላት። እንደየዓመቱ ሁሉ ጭነቱ መስመሩን ከበደው። መስኮቴ አጠገብ ቆሜ አየሁት፤ የሸለቆው መብራት በሙሉ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ በየአምፖሉ ውስጥ እንደ ጋለ ክር ብቻ ቀረ። የኔ ፋኖስ ቀጥ ብሎ ይነድ ነበር። ሥጋዬም ከማለዳ ጀምሮ ሳጥኑ ውስጥ ነበረና ደወሉ ሲደወል ከአጥንቱ ይላቀቅ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ብዙው ቤት ጥሬ በልቷል። ማግንሂልድ ብትኖር በዚህ መደሰቴን አትወድልኝም ነበር። ደስ ብሎኛል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ለቦርግሂልድ ምን ነገርሻት?

አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ቤቴ መጣች። «ጋሼ ሃልቫርድ፣ ትራሱ ውስጥ የከተቱት ላባ ነው ወይስ ገለባ?» አለችኝ፤ ሰላም እንኳ ሳትል።

«ባልሽ ነው የላከሽ?» አልኳት።

«ባሌ እንኳን እኔን ሊልክ ወደ ማድ ቤት የሚወስደውን መንገድ አያውቀውም።»

«ታዲያ ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

«የኔን ሳጥን ውሻው ተኝቶበት ከርሟል። ላባው አልቋል።»

«ገለባ ነው» ብዬ በሩን ዘጋሁ። በማግስቱ ደግሞ ሱቅ ውስጥ የባለ ወፍጮው ሚስት ድንች ምን ያህል ይፈላ ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ፤ ሚስጥር የምታወራ ይመስል። ሦስተኛዋ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይዛኝ ድስቱ ከነክዳኑ ነው ወይ አለችኝ። ክዳን የሌለው ድስት ድርቆሽ ውስጥ የሚቀብር ሰው አለ? ይህ ሁሉ ሴት ስለ ሳጥኔ ከየት አወቀ?

ማስረጃ አላቀርብም ብዬሻለሁ። በኔ ፋንታ አቅርበሽልኝ ከሆነ አልወደድኩትም።

ሃልቫርድ


በርገን፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1962

ውድ ወንድሜ፣

አዎ፣ እኔ ነኝ። የሹራቡ ነገር ውሸት ነበር። ለቦርግሂልድ ስለ ሳጥኑ ነገርኳት፤ ስለ ቀሚሱ ግን አልነገርኳትም፤ እሱ የአንተ ነው።

ስነግራት «እኔም እኮ በዚያ ጉባኤ ከኋላ ተቀምጬ ነበር» አለችኝ። «ሹር ሲያነብ ራሴን ነቀነቅኩ። የሥጋውን ሽታ እኔም በአፍንጫዬ ስለማውቀው። እናቴ በሳጥን አብስላ አሳድጋኝ፣ እኔም በጦርነቱ በሳጥን አብስዬ፣ ሽታውን ሳውቀው እንዴት ሳጥኑ ትዝ አላለኝም?» አለቀሰች። ሚስጥር ነው፣ እንዳትነግራት።

ለባሏ ነገረችው። «እሺ፣ ተሳስተን ይሆናል፤ መስመሩን እንቀጥልለት፤ ጉባኤ ላይ ግን እንደገና አይነሳም፣ ማኅበሩ ይዋረዳል» አላት። ስለዚህ እሷና ሴቶቹ የራሳቸውን መንገድ ይዘዋል። ጉባኤ ውስጥ ድምፅ የላቸውም፤ አባልነቱ በባሎቻቸው ስም ነው። ምድጃው ግን በእጃቸው ነው።

ማስረጃ አቀረብሽልኝ አትበለኝ። አንተ ምንም አላቀረብክም፣ በርህንም አልከፈትክም። እነሱ የሚያደርጉት የራሳቸውን ነው።

የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ የማንም መኪና ላይ እንዳትሳፈር። በእግርህ ውረድ። ጉልበትህን አውቃለሁ፣ ቢሆንም ውረድ።

ሲኖቬ


ስኮርዳል፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1962

ሲኖቬ፣

ወረድኩ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ እስከ ድልድዩ ድረስ በሁሉም ቤት ደጃፍ አለፍኩ። አንድም ጭስ ማውጫ አይጨስም ነበር። ከየቤቱ የበግ ሥጋና ጥቅል ጎመን ይሸት ነበር። የባለ ወፍጮው ሚስት መስኮቷን ከፍታ ቆማ ነበር፤ በዚያ ብርድ። ባርኔጣዬን አነሳሁላት። ከመስመሬ መቆረጥ ወዲህ ለማንም አንስቼ አላውቅም ነበር።

የቀረውን የሰማሁት ከቶርጊልስ ነው። ማክሰኞ ወደ ማታ ቤቴ መጣና ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ። ያን እሑድ የኃይል ማመንጫው ተረኛ እሱ ነበር። እሑድ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ የመለኪያው መርፌ ሽቅብ መውጣት አለበት፤ ቤቱ ሁሉ ምድጃውን የሚያበራበት ሰዓት ነው። ያን ቀን መርፌው ቁልቁል ወረደና ተኛ። ቶርጊልስ የሸለቆው መስመር የተበጠሰ መሰለው። መለኪያውን በጣቱ መታ መታ አደረገው። ከዚያ በረዶውን እየጣሰ እስከ ታችኛው ምሰሶ ሮጠ። መስመሩ ደህና ነው። ተመልሶ ለሹር ደወለ።

«ሹር፣ ማንም አያበስልም» አለው።

«ምን ማለትህ ነው?»

«መርፌው ሞቷል። ሸለቆው በሙሉ ምድጃውን አጥፍቷል።»

«እብድ ነህ እንዴ? ቤቴ እኮ በሥጋ ሽታ ተሞልቷል» አለው ሹር። ቶርጊልስ እንደሚለው፣ ሹር ስልኩን ሳይዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ ማድ ቤት ሲሄድ ኮቴው ይሰማው ነበር። ቀጥሎ ንግግሩ ሁሉ ተሰማው።

«ቦርግሂልድ፣ ምድጃው ለምን ቀዘቀዘ?»

«ስላልበራ።»

«ሥጋውስ?»

«በስሏል፤ ቅመሰው።»

«በምን አበሰልሽው?»

«ቆጣሪውን ሂድና እየው። ካልዞረ ሰርቄያለሁ ማለት ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ የሌቦቹን ስም ስታነብ ከኔ ጀምር። የባለ ወፍጮውን ሚስት ከኔ ቀጥሎ ጻፍ። እናትህንም እንዳትረሳ፤ ሳጥኑን ከቆጥ ያወረድኩላቸው እኔ ነኝ፣ የከደኑት ግን እሳቸው ናቸው።»

ቶርጊልስ ይህን ሲነግረኝ መሬት መሬት ያይ ነበር። «ጋሼ ሃልቫርድ፣ የቆጣሪዎን ነገር ለሹር የነገርኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ያየሁትን ነው የነገርኩት።»

«ያየኸው ልክ ነበር። የነገርከው ልክ አልነበረም» አልኩት።

መስመሩን ልቀጥልልዎ ብሎ መሣሪያውን ከኪሱ አወጣ። «ማን ላከህ?» አልኩት። «ማንም አልላከኝም» አለ። «እንግዲያው መሣሪያህን ወደ ኪስህ መልስ። ጉባኤው ይላክህ» አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሊወጣ ሲል እራት ሰዓት ነበርና ተቀመጥ አልኩት። ከሳጥኑ አውጥቼ አቀረብኩለት። ትራሱን አየው፤ እጁን ግን አልሰነዘረም። በላ፣ ሁለተኛም ጨመረ።

አንቺን ልቆጣሽ ብዕር ባነሳ አልመጣልኝም። ይህን እንደ ምስጋና አትቁጠሪው።

ሃልቫርድ


በርገን፣ ማርች 2 ቀን 1962

ውድ ወንድሜ፣

ስልኩን ከዘጋሁ ገና ቅጽበት ነው። ቦርግሂልድ የጉባኤውን ነገር ሁሉ ነገረችኝ። አንተ ግን አሳጥረህ ሁለት መስመር እንደምትጽፍልኝ ስለማውቅ፣ የሰማሁትን እኔ ልንገርህና ውሸት ካለበት አርመኝ።

ሴቶቹ ከኋላ አግዳሚ ላይ ሳጥኖቻቸውን በጉልበታቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ አለችኝ፤ እያንዳንዳቸው ድስታቸውን ከማለዳ ቀብረውበት። የሹር እናትም ነበሩ። ወንዶቹ ስለ አዲሱ መስመርና ስለ ጥገናው ሲከራከሩ ቆዩ። የሴቶቹን ሳጥን ያላዩ መስለው። በመጨረሻ ሹር «ሌላ ጉዳይ ካለ» ሲል ማንም ሳይናገር ሴቶቹ ክዳኑን ከፈቱት። በአንድ ጊዜ። እንፋሎቱ እስከ ጣሪያው ወጣ አለችኝ፤ የአዳራሹ መስኮት ሁሉ አላበው። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሽታው ሲደርሳቸው ዞር አሉ። አንዱ «ይህ እኮ የእናቴ ቤት ነው» አለ።

ሹርም «ሃልቫርድን ጥሩልኝ» አለ። አንተም ሌባ በተባልኩበት አዳራሽ አልቀመጥም ብለህ ውጭ በረዶው ላይ ቆመህ ነበር። ገብተህ ከበሩ ሥር ቆምክ፤ ባርኔጣህን ሳታወልቅ። እውነት ነው? ሹር እስኪጨርስ ድረስ አላወለቅክም? ደግሞስ ሹር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጀምር «አይሰማም» ያልከው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው? ቦርግሂልድ አንተ ነህ ትላለች፤ እኔም አላመንኳትም አልልም።

ሦስተኛ ጥያቄዬ፦ ይህን ሁሉ ካለ በኋላ ሹርን እጁን ጨበጥከው? እሷ ከእንፋሎቱ የተነሳ አላየሁም አለችኝ።

ወንድሜ፣ አሸንፈሃል። እዚህ ማድ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ። ምድጃዬ ጮኸች፤ እኔም ጮኽኩባት። መስመርህ ሲቀጠል አንድ የኮረንቲ ድስት እልክልሃለሁ።

ሲኖቬ


ስኮርዳል፣ ማርች 10 ቀን 1962

ሲኖቬ፣

በአንድ ነገር ተሳስተሻል፤ ያሸነፍኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። እኔ በሬን ዘግቼ ቆሜ ነበር፤ መቆምም ሥራ ነው፣ አላቃልለውም። ሸለቆውን ያዞሩት ግን ሴቶቹ ናቸው። ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ የለም።

ለጥያቄዎችሽ። ባርኔጣዬን አላወለቅኩም፤ ባርኔጣ የሚወልቀው በእኩዮች ፊት ነው፣ ሹር ንግግሩን እስኪጨርስ ድረስ እኩያቸው አልነበርኩም። «አይሰማም» ያልኩት እኔ ነኝ። ሲወነጅለኝ ድምፁ እስከ ኋላው ግድግዳ ይሰማ ነበር፤ ሲያነሳውም እስከዚያው መሰማት ነበረበት። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረ። ያለውን ቃል በቃል አልጽፍልሽም። ስሜን ጠርቶ ጀመረ፣ «አልሰረቀም» ብሎ ጨረሰ፤ መሃል ላይ ያለውን እሱና እኔ እናውቀዋለን። እጁን ጨበጥኩት። ቀድሞ የዘረጋው እሱ ነው።

ከዚያ ባርኔጣዬን አወለቅኩና ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ቦታዬ ላይ ሰው ተቀምጦበት ነበር፤ ሳልናገር ተነሳልኝ። የሹር እናት አንድ ሳህን ሥጋ በእጃቸው አመጡልኝ። ጨው በዝቶበት ነበር። ጨረስኩት።

በማግስቱ ቶርጊልስ በጉባኤው ተልኮ መጣ። መስመሩን ቀጠለ፣ አዲስ ማኅተም አሠረ፣ ሄደ። ቀን ነበር፤ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተኝታለች። አምፖሉን ሁሉ አበራሁ። የማድ ቤቱን፣ የመኝታ ቤቱን፣ የምድር ቤቱን፣ የበረቱን። ከዚያ ደጅ ወጥቼ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ቤቴን አየሁት፤ በጠራራ ፀሐይ ሁሉም መስኮት እየበራ። ወፍጮ ቤት የሚሄዱ ሰዎች ቆመው አዩኝ። «ጋሼ ሃልቫርድ፣ መብራቱን ረሱት እንዴ?» አሉኝ። «አልረሳሁም» አልኳቸው። እስኪመሽ አላጠፋሁም። በዕድሜዬ ኮረንቲ ያባከንኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አልጸጸትበትም።

አሁን ሴቶቹ በየእሑዱ ምድጃቸውን እያጠፉ ነው። ሹር የፈለገውን አዲስ መስመር ከትልቁ ኃይል ማመንጫ ማምጣታቸው ግን አይቀርም፤ ማቀዝቀዣ የያዘ ሰው ወደ ኋላ አይመለስም፣ እኔም ተመለስ አልልም። እኔን አይመለከተኝም። የራሴን ምሳ አውቃለሁ።

እልክልሃለሁ ያልሽውን የኮረንቲ ድስት አትላኪ።

በበጋ ትመጫለሽ ብዬ እጠብቃለሁ። ልጆቹንም አምጪያቸው፤ ጉሮሮዋ የታመመችውንም። ስትመጪ ስለ ዓሣው፣ ስለ ድርቆሹ፣ ስለ ጉልበቴም ቢሆን ጠይቂኝ። ስለዚህ ጉዳይ ግን እንዳትጠይቂኝ። ለቦርግሂልድም፣ ለሹርም፣ ለቶርጊልስም ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ፤ በመድረክ ላይ ሌባ ተብዬ ነበር፣ በመድረክ ላይ ተነሳልኝ፣ ሒሳቡ ተዘጋ። ከዛሬ ጀምሮ ቃሉን ከአፌ የሚሰማ ሰው አይኖርም፤ አንቺም ብትሆኚ።

ወንድምሽ ሃልቫርድ